«ኮረንቲ ያዘኝ» ወይስ «ነዘረኝ»?

ጥያቄ፦ ሹራቤን ሳወልቅ ይንጣጣል። ወዲያው የበር እጀታ ስነካ ደግሞ ጣቴን ብልጭ አድርጎ ያመኛል። «ኮረንቲ ያዘኝ» ብል ልጄ ሳቀብኝ። «እሱ ስታቲክ እንጂ ኮረንቲ አይደለም» አለኝ። የፊዚክስ መጽሐፉን ባየው «ሙል» ይላል። ሙል ማለት ስልክ ላይ ቻርጅ የምንለው ነው? የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎ ግማሹን አግኝቶታል። «ኮረንቲ» ከጣልያንኛ የወረስነው ቃል ነው፤ መነሻው የሚሮጥ፣ የሚፈስ ማለት ነው። በሽቦ ውስጥ ለሚሄደው ልክ ነው። ሹራብዎ ላይ ያለው ግን የትም አይሄድም፤ ተጠራቅሞ ቁጭ ብሏል። ስታቲክ መባሉም ለዚሁ ነው። እኔ ብጠየቅ «የረጋ ኤሌክትሪክ» ብለው ደስ ይለኛል፣ የረጋ ውሃ እንደምንለው። ጣትዎ እጀታው ጋ ሲደርስ ግን የረጋው በአየር ዘሎ ይፈሳል። ስለዚህ ባመመዎት ቅጽበት ስታቲክ መሆኑ ቀርቷል። ልጅዎን በዚህ ይርቱት።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግሡ ነው። የሽቦ ኮረንቲ የእጅን ጡንቻ አኮማትሮ «ልልቀቅ» ቢሉት እንኳ እንዳይለቁ ሊያደርግ ይችላል። «ያዘው» የምንለው እውነትም ስለሚይዝ ነው። የሹራቡ አይይዝም። ቮልቱ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል፤ የተጠራቀመው ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። ለዚህ «ነዘረኝ» ነው ቃሉ።

ወደ «ሙል» እንምጣ። አዎ፣ በሳይንስ አማርኛ የቻርጅ አቻ ነው። ከ«ሞላ» እና ከ«ሙሉ» ጋር ስለሚዛመድ አንድ ነገር የተሞላ ያስመስላል። የእንግሊዝኛው ቻርጅም ጥንት ጭነት ማለት ስለነበር ከዚህ ሐሳብ አይርቅም። ነገሩ ግን መሙላት ብቻ አይደለም። ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ አዲስ ሙል አይፈጠርም፤ ኤሌክትሮን የሚባሉት ኔጌቲቭ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የተቀበለው ኔጌቲቭ ይሆናል፣ የሰጠው ፖዘቲቭ። ልብ ይበሉ፦ ኤሌክትሮን የጎደለበት ነው ፖዘቲቭ የሚባለው! ለዚህ አማርኛን አይውቀሱ። ስሞቹን ያወጣው አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፣ በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ.። ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 ስለሆነ ሰውዬው የትኛው ወገን እንደሚሰጥና የትኛው እንደሚቀበል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ገመተ፤ ግምቱ ገለበጠን።

ስልክስ? «ቻርጅ ጨረስኩ» ስንል ያለቀው ሙል አይደለም። ባትሪው ሲሞላም ሲያልቅም በውስጡ ያሉት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሙሎች እኩል ናቸው። ያለቀው ጉልበቱ ነው። ታዲያ አይባል? ይባል እንጂ! የሰፈር ቃል የፊዚክስ ፈተና አይቀመጥም። በጽሑፍ ግን ሁለቱን መለየት ይጠቅማል፦ ቻርጅ ለስልኩ፣ ሙል ለሳይንሱ።

መጽሐፎቹ «ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒ ሙሎች ይሳሳባሉ» ሲሉ ግሡን አሳምረው መርጠዋል። አንዱ ገፊ፣ ሌላው ተገፊ አይደለም፤ ሁለቱም በእኩል ኃይል ይገፋፋሉ። «ይገፋል» እና «ይስባል» ብቻ ብንል ይህ ይጠፋ ነበር። ሹራብ ሲያወልቁ ፀጉርዎ የሚቆመውም እያንዳንዱ ዘለላ ተመሳሳይ ሙል ይዞ ጎረቤቱን ስለሚሸሽ ነው።

«ሙል» ላይ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የተወሰነ ስም ሲሆን ይምታታል። «ሙሉ ወደ እጀታው ተላለፈ» ብዬ ብጽፍ፣ ያ የተባለው ሙል ነው የተላለፈው ወይስ ሁሉም? በንግግር ድምፅ ሊያግዝ ይችላል፤ ፊደላችን ግን መጥበቁንና መላላቱን አያሳይም። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥመኝ «ሙሎቹ» ብዬ አበዛዋለሁ፣ ወይም «የሙሉ መጠን» ከማለት «የሙል መጠን» እላለሁ።