ታሪክ እያጠናሁ የመምህርነት ላይሰንስ ማውጣት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የማጠናው ታሪክ ነው፤ ሃይስኩል ማስተማር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ፣ ላይሰንሱ ይደርሳል» ይሉኛል። አባቴ ደግሞ «ለአስተማሪነት ነው እንዴ አሜሪካ ያመጣሁሽ?» ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከምረቃ በኋላም መንገድ አለ። ግን በማስተርስ በኩል ከሄድሽ ሌላ ጊዜና ሌላ ክፍያ ነው። ኮሌጅሽ ስቴቱ ያጸደቀው የመምህራን ፕሮግራም ካለው ዲግሪውንና ላይሰንሱን አብረሽ አስኪጂ። ሜጀርሽን መቀየር የለብሽም። ለሃይስኩል መምህር ታሪክ ማጥናትሽ ራሱ ትክክል ነው፤ የኤዱኬሽን ኮርሶቹ ከጎኑ ይገባሉ።

ችግሩ ጊዜው ነው። ሁሉንም የሚወስነው ስቱደንት ቲቺንግ የሚሉት ልምምድ ነው። ብዙውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ይውላል፤ ከዚያ በፊት የኤዱኬሽን ኮርሶቹና የክፍል ምልከታው ማለቅ አለባቸው። ልምምዱ ሲጀመር ጠዋት ከተማሪዎቹ ቀድመሽ ትገኛለሽ፣ ቀኑን በነባር መምህር ሥር ታስተምሪያለሽ፣ ማታ የነገውን ትምህርት ታዘጋጃለሽ። በአብዛኛው ደሞዝ የለውም። እየሠራሽ የምትማሪ ከሆነ ያን ጊዜ ፈረቃ መያዝ ይከብድሻል፤ ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ አስቀምጪ። አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ለመማር ካሰብሽም አሁኑኑ ፕላንሽ ውስጥ አስገቢው። በኋላ ቦታ አይኖረውም።

ብዙ የታሪክ ተማሪ ሳያስበው የሚሰናከልበት ሌላም ነገር አለ። ለላይሰንሱ የሚወሰደው ፕራክሲስ የሚባለው የሶሻል ስተዲስ ፈተና የአሜሪካና የዓለም ታሪክ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትና ሲቪክስ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስም አለበት። ስለዚህ የምርጫ ኮርሶችሽን እዚያ ላይ አውያቸው። ፊልም ጥናቱ ይቅርብሽ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቲች ግራንት የሚባል የፌዴራል ድጎማ አለ፤ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር። ኮሌጅሽ የሚሳተፍበት መሆኑን ጠይቂ፤ ጂፒኤሽም 3.25 መድረስ አለበት፣ ወይም በመግቢያ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ይጠይቃሉ። በምላሹ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪዎች በሚበዙበት ትምህርት ቤት፣ መምህር በሚያጥርበት የትምህርት ዘርፍ፣ በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት ታስተምሪያለሽ። ካልተወጣሽው ግራንቱ ብድር ይሆናል፣ ወለዱም ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ሳታነቢ አትፈርሚ! መምህር ያጥርባቸዋል በሚባሉት ዘርፎች የፌዴራል ቋሚ ዝርዝር ላይ ታሪክ የለም። እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ማስተማር፣ ኢሶል የምንለው፣ ግን አለ።

እኔ ብሆን ኢሶልን ከታሪኩ ጋር እይዝ ነበር። ለግራንቱ ብዬ ብቻ አይደለም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ ጭምር ይጽፋሉ፤ የአማርኛ ተናጋሪው ቁጥር ትንሽ አይደለም። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ሲል፣ ሰነፍ ሆኖ ነው ወይስ ታላቅን አክብሮ የሚለውን ሌላው መምህር ላያውቅ ይችላል። አንቺ ታውቂያለሽ።

ለአባትሽ ስለ ሙያ ክብር አታስተምሪያቸው፤ ቁጥር ንገሪያቸው። ብሉፕሪንት በሚባለው የሜሪላንድ ሕግ መሠረት የመምህር መነሻ ደሞዝ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ60,000 ዶላር ማነስ የለበትም። ጡረታና የጤና ኢንሹራንስም አለው።

በዚህ ሳምንት ትራንስክሪፕትሽን ይዘሽ ኤዱኬሽን ዲፓርትመንት ሂጂ። «ስቱደንት ቲቺንግ የምገባው በየትኛው ሴሚስተር ነው? እስከዚያ የቀረኝስ ምንድን ነው?» በያቸው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ፤ አድቫይዘር ይቀየራል።