የ2028 እጩዎች ከወዲሁ፦ ጥያቄና መልስ ከዴሌጌት ቆጣሪው ጋር

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ በሉ ጠይቁ። ርዕሱ በ2028ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የሁለቱ ፓርቲዎች እጩ ማን ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ዓመቱም ወሩም በፈረንጆች ነው። ዴሌጌት ማለት በፓርቲው ጉባኤ እጩውን የሚመርጥ ተወካይ ነው፤ ቁጥሩ የሚከፋፈለው በየስቴቱ የፓርቲ ውስጥ ምርጫ (ፕራይመሪ) ውጤት ነው። ብሔራዊ ፖል (የሕዝብ አስተያየት መለኪያ) ይዞ የሚመጣ ሰው ከእኔ መልስ አይጠብቅ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ጋሼ፣ ዴሞክራቶች ዘንድ ፖሉ ላይ ኒውሰም፣ ሃሪስና ቡቲጀጅ ከፊት ናቸው። ማን ያሸንፋል?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ ገና ከአፌ ሳይወጣ! በ2007 መገባደጃ ብሔራዊ ፖሉን ይመሩ የነበሩት ሩዲ ጁሊያኒና ሂላሪ ክሊንተን ናቸው። እጩ የሆኑት ማኬይንና ኦባማ። ጁሊያኒ ቀድመው የሚመርጡትን ስቴቶች ችላ ብሎ ፍሎሪዳን ሲጠብቅ፣ ፍሎሪዳ እስክትደርስ ወሬው ሁሉ የሌሎች ሆኖ ቆየው። በ2015 ጄብ ቡሽን የሚደግፈው ሱፐር ፓክ (ከዘመቻው ተለይቶ ያለ ገደብ ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት) ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር፤ ሰውየው ያገኘው 4 ዴሌጌት ነው። በዚህ ሰዓት ፖል የሚለካው የማን ስም እንደሚታወቅ ብቻ ነው።

የግድ ስም ካላችሁ፣ ሰው የተወውን ወንበር እዩ። ቡቲጀጅ በ2026 ለሚሺጋን ሴኔትም ለገዥነትም አልወዳደርም አለ። ሃሪስ የካሊፎርኒያን ገዥነት ተወችው። የኒውሰም የካሊፎርኒያ ገዥነት ዘመን ጃንዋሪ 2027 ላይ ያበቃል፣ ልክ ዘመቻ በሚሟሟቅበት ጊዜ። የፔንሲልቬኒያው ሻፒሮና የኢሊኖዩ ፕሪትዝከር ደግሞ በ2026 በድጋሚ ለገዥነት መወዳደርን መረጡ። እነዚህ ሁለቱ «አራቱን ዓመት ትጨርሳላችሁ ወይ?» ሲባሉ የሚሰጡት መልስ ከማንኛውም ፖል ይበልጣል።

ናቲ፦ የኒው ዮርኳ ተወካይ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ዕድሜዋ ይደርሳል?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ ኦክቶበር 1989 ተወለደች። የሚጠየቀው 35 ነው። ደምሩ።

ናቲ፦ የሜሪላንዱ ገዥ ዌስ ሙርስ?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ አልወዳደርም ብሏል። ቃሉን ሲለውጥ እንነጋገራለን።

የዴንቨሯ፦ ዴሞክራቶች ዘንድ 15 ከመቶ የሚሉት እንዴት ነው የሚሠራው? ሦስተኛና አራተኛ የወጣ ሰው ለምን ባዶ እጁን ይቀራል?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ዴሌጌቱ የሚከፈለው በስቴት ደረጃ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው የሚከፈለው በየኮንግረስ ዲስትሪክቱ (አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በሚመረጥበት ወረዳ) ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ከ15 ከመቶ በታች ያገኘ እዚያ ይጣላል። 6 ዴሌጌት ያለው ዲስትሪክት ውሰጂ፤ አራት ተወዳዳሪዎች 40፣ 30፣ 16 እና 14 ከመቶ አገኙ እንበል። 14ቱ ወደቀ። የቀረው 86 ነው። 40ን ለ86 አካፍለሽ በ6 ስታባዢው 2.79 ይመጣል፤ ሁለተኛው 2.09፣ ሦስተኛው 1.12። ሙሉ ቁጥሩን ስትሰጪ 2፣ 2፣ 1 ይሆንና አንድ ይተርፋል፤ ትርፉ ትልቁ ክፍልፋይ ላለው፣ ማለትም ለ0.79ኙ ይሄዳል። ውጤቱ 3፣ 2፣ 1። በ16 እና በ14 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነጥብ ነው፤ አንዱ ዴሌጌት ያዘ፣ ሌላው ምንም።

ሌላ ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። 4 ዴሌጌት ባለበት ዲስትሪክት ሁለት ሰዎች 62 ለ38 ቢለያዩም 2 ለ2 ይካፈላሉ። 5 ባለበት ግን 52 ለ48 ብቻ ተለያይተው 3 ለ2 ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ዘመቻ ገንዘቡን ጎዶሎ ቁጥር ባለበት ዲስትሪክት ያፈሳል። ሜዳው ላይ ሰው በበዛ ቁጥር ከ15 በታች የሚወድቀው ይበዛል፣ የወደቀው ድምፅ የሚጠቅመውም ላለፉት ነው። በ2020 ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ነበር። ሳውዝ ካሮላይናን ሲያሸንፍ ቡቲጀጅና ክሎቡሻር ከሱፐር ቱስደይ (ብዙ ስቴቶች በአንድ ቀን ከሚመርጡበት ማክሰኞ) በፊት ወጡለት። የዚያን ሳምንት ሒሳብ የለወጠው የእነሱ መውጣት ነው።

ዮኒ ዳላስ፦ ሱፐር ዴሌጌቶቹ (በፕራይመሪ ውጤት ሳይታሰሩ የሚመርጡት የፓርቲው ሹማምንት) ሊገለብጡት አይችሉም?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ ከ2018ቱ የፓርቲው ደንብ ማሻሻያ ወዲህ ውጤቱ በእነሱ ድምፅ የሚወሰን ከሆነ በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር አይመርጡም። የ2016ን የክሊንተንና የሳንደርስ ክርክር አታምጡ።

የአሌክሳንድሪያው፦ በሪፐብሊካንስ? ምክትል ፕሬዚዳንት ቫንስ ያለቀለት ነው አይደል?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ ከ1960 ወዲህ በሥልጣን ላይ ሳለ እጩነቱን የፈለገ ምክትል ፕሬዚዳንት ሁሉ አግኝቶታል፦ ኒክሰን፣ ሀምፍሪ፣ አባት ቡሽ፣ ጎር፣ ሃሪስ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በዋናው ምርጫ ያሸነፈው ግን በ1988 ቡሽ ብቻ ነው። እጩነትና ፕሬዚዳንትነት ለየብቻ ናቸው።

የሪፐብሊካኖቹ ደንብም ከፊት ያለውን ያወፍራል። በ2024 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ኒኪ ሄሊ 40 ከመቶ ገደማ አግኝታ ከ50 ዴሌጌት የደረሳት 3 ነው፤ 47ቱን ትራምፕ ወሰደ። ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ ከ50 ከመቶ ያለፈ 169ኙንም ይጠቀልል ነበር።

ናቲ፦ ትራምፕ ለሦስተኛ ጊዜ?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ የሕገ መንግሥቱ 22ኛ ማሻሻያ፣ 1951። ሁለት ጊዜ የተመረጠ አይመረጥም።

ናቲ፦ በምክትልነት ገብቶስ?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ የ12ኛውን ማሻሻያ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንብብ፦ ፕሬዚዳንት መሆን የማይችል ምክትልም መሆን አይችልም ይላል።

ዮኒ ዳላስ፦ 22ኛው የሚከለክለው መመረጥን እንጂ መያዝን አይደለም የሚሉ አሉ እኮ።

የአሌክሳንድሪያው፦ ቃል መሰንጠቅ ነው።

ዮኒ ዳላስ፦ ሕግ ራሱ ቃል መሰንጠቅ አይደል እንዴ?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ እዚያው ተጨራረሱ፤ እኔ ዴሌጌት ነው የምቆጥረው።

የላስ ቬጋሷ፦ ከእኛ ሰው ማን ሊወዳደር ይችላል? ልጆቻችንስ?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ አዲስ አበባ ተወልዶ በኋላ ዜግነት የወሰደ አይችልም። ሶማሊያ የተወለደችው የምክር ቤት አባል ኢልሃን ኦማርም በዚሁ ምክንያት አትችልም። እዚህ የተወለደ ልጅሽ ይችላል። ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡት የኮሎራዶው ተወካይ ጆ ነጉሴ ካሊፎርኒያ ስለተወለደ ይችላል፤ ግን ከተወካዮች ምክር ቤት ቀጥታ ፕሬዚዳንት የሆነ ጋርፊልድ ብቻ ነው፣ በ1880። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ፦ ለዘመቻ ገንዘብ መስጠት ትችላላችሁ፣ ድምፅ መስጠት አትችሉም። እነዚህን አታደባልቁ፤ ያለ ዜግነት ድምፅ መስጠት ከአገር ያስባርራል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ሜሪላንድ ነኝ፣ ፓርቲ የለኝም። በፕራይመሪው እመርጣለሁ?

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ አትመርጥም፣ ዝግ ነው። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ፓርቲ ምረጥ።

የአሌክሳንድሪያው፦ ወንዙን ተሻግረህ ና። ቨርጂኒያ ፓርቲ ብሎ ምዝገባ የለም፣ የፈለግከውን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ትጠይቃለህ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ የሌላ ፓርቲ ሰው ገብቶ እጩ የሚያስመርጥበት ስቴት ይሻላል ትለኛለህ?

የዴንቨሯ፦ ኮሎራዶስ? እኔም ፓርቲ የለኝም፤ የሁለቱንም ፓርቲዎች ወረቀት በፖስታ ልከውልኛል።

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ አንዱን ብቻ መልሺ። ሁለቱንም ከመለስሽ ሁለቱም አይቆጠሩም። በየምርጫው ይህን ያህል እናገራለሁ፣ በየምርጫው ሁለቱን የሚልክ አይጠፋም።

ናቲ፦ እሺ ጋሼ፣ አንድ ስም ብቻ። ፖል ሳልጠቅስ ነው የጠየቅኩት።

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ ስም አልሰጥም፣ ምልክት ልስጥህ። «እያሰብኩበት ነው» የሚል ሰው ለዘመቻ ከ5,000 ዶላር በላይ ሰብስቦ ወይም አውጥቶ እጩ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በየስቴቱ የምርጫ ወረቀት ላይ ስም የማስመዝገቢያው ጊዜ ይመጣል፤ ከምርጫው በፊት ባለው ዓመት ከኦክቶበር ጀምሮ። በ2012 ቨርጂኒያ 10,000 ፊርማ፣ ከእያንዳንዱ የኮንግረስ ዲስትሪክት ደግሞ 400 ትጠይቅ ነበር። ያሟሉት ሮምኒና ሮን ፖል ብቻ ናቸው። ጊንግሪች እዚያው ቨርጂኒያ እየኖረ ወደቀ። ያልተመዘገበ ሰው ፊርማ፣ የማይነበብ አድራሻ፣ የሌላ ዲስትሪክት ነዋሪ፣ ሁሉም ይሰረዛል፤ ስለዚህ ከተጠየቀው በላይ ግማሽ ያህል ጨምሮ ያልሰበሰበ አደጋ ላይ ነው። ኒው ሃምፕሻየር ቀላል ናት፦ 1,000 ዶላር፣ ፊርማ የለም። እዚያ ስሙ ያልገባ ሰው አልተነሣም በል።

የዴንቨሯ፦ ባይደን በ2024 ኒው ሃምፕሻየር ስሙን አላስገባም፣ ግን አሸነፈ።

ዴሌጌት ቆጣሪ፦ ልክ ነሽ። ፓርቲው ሳውዝ ካሮላይናን ስላስቀደመ ነው ያልተመዘገበው፤ ደጋፊዎቹ ስሙን በእጃቸው ጻፉለት። በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ካልሆነ ግን አትሞክሩት።