ሳፈጥር ስደውል አያነሱም ላልሽው

እህቴ፣ «ፍራንክፈርት ብቻዬን ነው የምፆመው፣ ሳፈጥር ወሎ ስደውል ማንም አያነሳም» ብለሻል። ረስተውሽ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። አሁን አገር ቤት በ2 ሰዓት ይቀድማል። አንቺ ጋ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትገባ እነሱ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ አፍጥረው ጨርሰው ዒሻና ተራዊሕ፣ የማታው ሶላት ላይ ናቸው።

ስለዚህ በአንቺ 11 ሰዓት ላይ፣ ሾርባሽን ስትጥጂ ደውዪ። እነሱ ገና ማፍጠራቸው ነው። ስልኩን የዱቄት ጣሳው ላይ አስደግፊውና ክፍት ይሁን፣ ወሬ ባይኖር እንኳ የቤቱ ጫጫታ ይበቃል፣ የልጆቹ ጭቅጭቅ ሳይቀር ይናፍቃል። ሳምቡሳውን እያየሽ ምራቅሽን መዋጥሽ ግን አይቀርም።

ቅዳሜና እሁድ መስጊድ ሄደሽ አፍጥሪ። ብዙዎቹ በጋራ ያስፈጥራሉ፣ ትንሽ ተምር ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ወሬ ለመጀመር ይመቻል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ካፈጠርኩ በኋላ በናፍቆት ስልክ ላይ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አፍጥጬ ሱሁር፣ ከንጋት በፊት የሚበላው፣ ተኝቼ አለፈኝ፣ ያውም ሦስት ቀን በተከታታይ፣ በአራተኛው ቀን ሥራ ቦታ አዞረኝ። አላርም ሞልተሽ ስልኩን ከአልጋሽ ራቅ አድርጊው፣ ውሃና ተምር ደግሞ አጠገብሽ።