የአባቴን ተዝካር ተበድሬ ላውጣ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ። አባቴ ካረፉ ሃያ ቀን አልፏል። የተቀበሩት በትውልድ አገራቸው በመንዝ ነው፤ እኔ ተቀጥሬ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ወንድሞቼ ለአርባው ሁለት ሰንጋ ይታረድ፣ ጠላው ይጠመቅ፣ አገር ምድሩ ይጠራ እያሉ ነው። ከእኔ የሚጠብቁት 120,000 ብር ስለሆነ ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባ ማኅበር ልበደር አስቤያለሁ። አክስቴ በቀብሩ ዕለት ፊቷን ነጭታ ቁስሉ እስካሁን አልዳነም። ማታ ማታም አባቴ ይጠጡበት በነበረው ስኒ ቡና ቀድታ በአልጋቸው ራስጌ ታስቀምጣለች፤ «ነፍሱ እስከ አርባው ከቤት አትርቅም» ትላለች። ፕሮቴስታንት የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግራት «ለቅሶውም፣ ፍትሐቱም፣ ተዝካሩም የአረማዊ ነው፤ ሁሉንም ተዪው» አለችኝ። ወንድሞቼ ደግሞ «ተዝካር ካልወጣ የአባታችን ነፍስ አታርፍም» ይላሉ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን።

ባልደረባሽና ወንድሞችሽ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም ፍትሐቱንና ሰንጋውን አንድ አቁማዳ ውስጥ ከተዋቸዋል። እርሷ አቁማዳውን ጣይው ትላለች፤ እነርሱ እንዳለ ተሸከሚው ይላሉ። እኔ ደግሞ ፍቺና እይው እላለሁ። ለሟቹ የሚደርስ ነገር አለበት፤ ቋሚውን የሚያጽናና አለበት፤ ለማንም ሳይደርስ ለስም ብቻ የሚደረግም ሞልቶበታል።

ከለቅሶው ልጀምር። ማልቀስ ኃጢአት አይደለም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11፥35)። እስጢፋኖስን የቀበሩት ሰዎችም ታላቅ ልቅሶ አልቅሰውለታል (ሐዋ. 8፥2)፤ ትንሣኤን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ መከራቸው እንጂ (1ተሰ. 4፥13) ጭራሹን አትዘኑ አላላቸውም። ስለዚህ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ጆሮውን የሚደፍን ሰባኪ ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን «ኃያላን እንዴት ወደቁ» እያለ ያለቀሰው ታዲያ ምን ሊባል ነው? የሟቹን እርሻ፣ ደግነት፣ እንግዳ አቀባበል እየቆጠረ የሚያስለቅስ ሙሾ የታፈነ ሐዘን ያወጣል። የሚከፋው በፈጣሪ ላይ ሲያማርር ወይም ደም ሲጠራ ነው። በተገደለ ሰው ለቅሶ ላይ «ወንድ የለም ወይ» የሚል ግጥም ተወርዶ፣ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሬሳ እንደሚያስወጣ ደም የሚፈላለግ አገር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ፊት መንጨት ግን ሌላ ነው። ኦሪት ዘዳግም ይህን የከለከለበት መንገድ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ «እናንተ ለአምላካችሁ ለእግዚአብሔር ልጆች ናችሁ» ይልና ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሞተ ሰው አካላችሁን አትንጩ የሚለው (14፥1)። አባት ያለው ልጅ ወንድሙ ሲሞትበት ያለቅሳል፤ ገላውን ግን እንደ ባለቤት አልባ ዕቃ አይቀድም። ይህን ለአክስትሽ የምትነግሪያት በኋላ ነው። ቁስሉ ሃያ ቀን ካልዳነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

የዕድሩ ድንኳን፣ ንፍሮው፣ ነጠላ ማዘቅዘቁ፣ ጥቁር መልበሱ የአገር ወግ ነው። ቢደረግ አያስኮንንም፤ ቢቀርም ነፍስ አይጎዳም። ሐዘንተኛ ነኝ ብላ ዓመት ሙሉ ከቅዳሴ የቀረች እናት ስላጋጠመችኝ ግን እናትሽን በዚህ በኩል ጠብቂያቸው። ሐዘን ቤተ ክርስቲያን የሚያስኬድ እንጂ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም።

ወደ ፍትሐቱ ስንመጣ፣ ቃሉ «ፈትሐ» ከሚለው ግእዝ የወጣ ነው፤ ፈታ ማለት ነው። ካህኑ መጽሐፈ ግንዘትን ይዞ የሚጸልየው ነፍሲቱ ከኃጢአት ማሰሪያ እንድትፈታ ነው። ቀኖቹም ዝም ብለው የተቆጠሩ አይደሉም። በሦስተኛው ቀን የምናስበው ጌታ በሦስተኛው ቀን ስለተነሣ ነው፤ በአርባኛው የምናስበውም ከትንሣኤው በኋላ በአርባኛው ቀን ስላረገ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል፤ ወንድ ልጅን በአርባ፣ ሴት ልጅን በሰማንያ ቀን ክርስትና የምናነሣውም በዚሁ ቁጥር ነው። በአርባ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባን ሰው ከዚህ ዓለም ሲወጣም በአርባ ቀን እንሸኘዋለን። ይህ ከአረማዊ የተቀዳ አይደለም። ለባልደረባሽ ይህን ነግረሻት እለፊ፤ ሐዘን ላይ ነሽና ክርክሩ ይቅርብሽ።

ይሁንና ለወንድሞችሽም የምለው አለ። ፍትሐት ጸሎት ነው፤ ምሕረቱ የእግዚአብሔር ነው። ንስሐን ንቆ የኖረን ሰው በግድ ገነት የሚያስገባ ቁልፍ በካህን እጅ የለም። ፍትሐቱ እንኳ እንዲህ ከሆነ ሰንጋው እንዴት ነፍስ ያሳርፋል?

ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው ነው፤ አሰበ ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ ማሰብ እንጂ መብላት የለበትም። ማዕዱ የተጨመረው ድሃ እንዲጠግብበትና የጠገበው ድሃ «ነፍስ ይማር» እንዲል ነው። እኔ ቆሎ ተማሪ ሳለሁ ተዝካር አለ ሲባል አኩፋዳዬን አንጠልጥዬ ከሚሮጡት አንዱ ነበርኩ። የተዝካር እንጀራ ያሳደገው ሰው ተዝካርን ሊያጣጥል አይችልም። ነገር ግን ያኔም ያየሁት አለ። ባለ ካባው ከዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ብርንዶ ሲቆርጥ፣ እኛና ነዳያኑ ከአጥር ውጭ ሆነን የሚተርፈውን እንጠብቅ ነበር። የተጠራው በእኛ ስም ነው፤ የበላው ሌላ ነው።

በዚያው አካባቢ አንድ ገበሬ የእናቱን ተዝካር ለማውጣት የሚያርስበትን ጥማድ በሬ ሸጠ። ክረምት ሲገባ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ፤ ልጆቹ ሦስት ዓመት የግማሽ ምርት በሉ። የበሉለት ጎረቤቶችም በተራቸው ሞት ቤታቸው ሲገባ ያንኑ ያህል ለማረድ ተጨነቁ፤ ያነሰ ቢያቀርቡ ይታማሉና። ጌታ ግብዣ ስታደርግ ወዳጅና ጎረቤትህን ሳይሆን ድሆችን ጥራ፣ «የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና» ያለው (ሉቃ. 14፥12-14) ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። የእኛ ድግስ ገልብጦታል፤ ብድራት የማይመልስ አይጠራም። አንቺ ደግሞ ጭራሽ በወለድ ተበድረሽ ልታበድሪ ነው።

አርባው በጾም ቢውል ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገውን ተመልከቺ። ፍስኩ እስኪገባ ይገፋዋል። ምን ሊጠብቅ? ጸሎቱ ጾም አይከለክለውም፤ ፍስክ የሚጠብቀው ሥጋው ነው። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ፍትሐት አይደረግም። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አስቀድማ ፍትሐት ታደርስላቸዋለች። በዚያ ሳምንት የሞተ ክርስቲያን ያለ ግርግር ወደ መቃብር ይወርዳል። ግርግር ስላልነበረበት የጎደለበት የለም።

ከእኛ ከካህናቱም ጥፋት አለ፤ አልሸሽገውም። ሁለት ቤት ተዝካር ሲኖር ጠላው የበዛበትን የምናስቀድም አለን። ገበሬው ጥማዱን ሲሸጥ ቆሞ አይቶ ያልገሠጸው የንስሐ አባት ሲበላ ግን ከፊት ተቀምጧል። ወንድሞችሽ «ያለ ሰንጋ አያርፍም» የሚለውን ከማን ሰሙት ብለሽ እንደሆነ፣ ባንናገረውም አንዳንዶቻችን በተግባር አሳይተናቸዋል።

እንግዲህ ብድሩን ተዪው። በአርባው ዕለት አባትሽ በተቀበሩበት ደብር ጸሎተ ፍትሐቱ ይድረስ፤ ይቀደስላቸው። ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብና ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ አቅምሽ የቻለውን ያህል ይዘሽ ሂጂ። እናንተም በንስሐ ተዘጋጅታችሁ ብትቆርቡ ከዚህ የሚበልጥ መታሰቢያ የለም። ዳቦ ድፉ፣ ወጥ ሥሩ፤ ነዳያኑንና የአብነት ተማሪዎቹን ከዳሱ ውስጥ፣ ከፊት አስቀምጧቸው። ፍስክ ከሆነና ወንድሞችሽ ከቤት ያለ በግ እንረድ ካሉ አትጣያቸው።

ሌላም አለ። አባትሽ ያልከፈሉት ዕዳ፣ በወሰን የተጣሉት፣ ሳይታረቁ የተለዩት ሰው እንዳለ እናትሽን ጠይቂ። ካለ ለሰንጋ ያሰብሽውን እዚያ ላይ አውይው። ከሟች ትከሻ ዕዳ ማውረድ ማለት ይህ ነው፤ የሰንጋው ብድር ግን አንቺ ላይ አዲስ ዕዳ ይጭናል። ለወንድሞችሽ ግን ይህን ሁሉ አንቺ አትንገሪያቸው። ከከተማ ከመጣች እኅት አፍ ሲወጣ ስስት ይመስላል። የንስሐ አባታችሁን አስቀድመሽ አማክሪና እርሳቸው ይናገሩልሽ።

የቀረው የአክስትሽ ቡና ነው። ለሙት ምግብና መጠጥ ማቅረብ የእግዚአብሔር ሕዝብ ወግ አይደለም። እስራኤላዊው ዐሥራቱን ሲያቀርብ ከእርሱ ለሙት አለመስጠቱን ይመሰክር ነበር (ዘዳ. 26፥14)። የአባትሽ ነፍስም በእግዚአብሔር እጅ ናት እንጂ በራስጌ ስኒ አትጠብቅም። ነፍሱን እናነጋግር፣ ማን እንደጎዳው እንጠይቅ ብሎ አዋቂ ቤት የሚመራ ካለ በሩን ዝጉበት፤ ሙታን መሳብ ያው በዘዳግም 18 በግልጥ የተከለከለ ነው። የአክስትሽ ግን ከዚህ ይለያል፤ ወንድሟ ናፍቋት ነው። ስኒውን አትንጠቂያት። ቡናው በቀን ይፈላ፤ አቅመ ደካማ ጎረቤት ተጠርቶ በዚያው ስኒ ይጠጣና «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሂድ። አንድ ሳምንት እንዲህ ካደረገች የማታው በራሱ ጊዜ ይቀራል።

በደብዳቤሽ የላክሽልኝ አባትሽ በሰፈር የሚጠሩበትን ስም ነው። በጸሎት የሚነሣው የክርስትና ስማቸው ስለሆነ እናትሽን ጠይቀሽ ከአርባው በፊት ላኪልኝ።