ጎተራ ከገባ በኋላ የሚጠፋው እህል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አየር አያስገባም የተባለውን ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ገዝቼ አምስት ኩንታል በቆሎ በታኅሣሥ አስቀመጥኩ። በመጋቢት ስከፍተው ሁለቱ ሻግተዋል፣ አንዱ ነቅዟል፣ ሁለቱ ደህና ናቸው። ከረጢቱ ነው ያታለለኝ ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው? (ገበሬ፣ ከቡሬ አካባቢ)

መልስ፦ ሻጋታውና ነቀዙ ምክንያታቸው ለየቅል ስለሆነ ለየብቻ እንያቸው።

ከረጢቱ ውጪው የተለመደው ማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ግን እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን (0.08 ሚሊ ሜትር) ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት ላስቲኮች አሉት። መድኃኒት የለበትም። ነቀዙን የሚገድለው የራሱ ትንፋሽ ነው። በታሸገው ከረጢት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ መብላቱን ያቆማል። ነቀዝ ውኃ አይጠጣም፤ ሰውነቱ የሚፈልገውን ውኃ ከሚበላው እህል ራሱ ያመነጫል፣ ለዚህም ኦክስጅን ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያልቅ በጥም ደርቆ ይሞታል።

እርጥብ እህልን ግን ይህ ከረጢት አያደርቅም። እንዲያውም እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። የሻገቱት ሁለቱ ሲታሰሩ አልደረቁም ነበር ማለት ነው። በቆሎ ሲታሸግ እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። በጥርስ ሰብሮ «ቀጭ» ማለቱን ማዳመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ 13 እና 16 በመቶውን ግን ጥርስ አይለይም። መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት በጨው ይፈትኑ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የደረቀ ብርጭቆ ዕቃ ወስደው ሲሶውን በቆሎ ይሙሉ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፣ ከድነው አንድ ደቂቃ ያህል ይናጡት፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስቀምጡት። ጨው የዕቃው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው። ጨዉ ራሱ ከረጠበ ፈተናው ይዋሻልና አስቀድመው ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ጨው አለመለጠፉ ከ15 በታች መሆኑን እንጂ 13 መድረሱን አይነግርም። ስለዚህ ፈተናውን ካለፈም በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ይጨምሩለት። መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ፣ ከአራት ጣት በማይበልጥ ውፍረት አስጥተው ደጋግመው ያገላብጡት። ጤዛ ሳይወርድ ይሰብስቡት። ትኩሱን ግን አይሙሉት፤ ጥላ ውስጥ ካልበረደ ላስቲኩ ውስጥ ላብ ይፈጥራል፣ ሻጋታውም ከዚያች ጠብታ ይጀምራል።

የነቀዘው አንዱ ከረጢት አየር አስገብቷል። ነቀዙ ከማሳ ጀምሮ አብሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እንስቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትከትና ቀዳዳውን መልሳ ስለምትደፍነው፣ ሲያሽጉት ንጹሕ የሚመስል እህል ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ነቀዝ ያፈላል። ጥሩ የታሰረ ከረጢት ይህን ያስቆማል። አላልተው ያሰሩት፣ አይጥ የበሳው ወይም የቆሮቆንዳ ስብርባሪ የወጋው ግን አያስቆምም። ከመሙላትዎ በፊት እያንዳንዱን ላስቲክ በአየር ነፍተው አፉን ጠምዝዘው ይጫኑትና ጆሮዎን ያስጠጉ፤ የሚያፏጭ ካለ ያ ላስቲክ ለዚህ አይሆንም። ሲሞሉ ጥግ ጥጉን ጠቅጠቅ አድርገው ከላይ ለማሰሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ከዚያ የውስጡን ላስቲክ አየሩን ጨምቀው ያስወጡ፣ አጥብቀው ጠምዝዘው ይሰሩ፣ የተጠመዘዘውን አጥፈው እንደገና ይሰሩት። መካከለኛውንም እንዲሁ፣ በመጨረሻ ጆንያውን። ሦስቱን በአንድ ገመድ አንድ ላይ ማሰር ገንዘብዎን መጣል ነው።

ከረጢቶቹ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ በቤቱ አይጥ ካለ መጀመሪያ መወገድ ያለበት እሱ ነው። ቢያንስ ሁለት ወር አይክፈቷቸው። ለቀለብ አንዱን ብቻ ይክፈቱ፣ ሲከፍቱም የሁለት ሳምንት ያህል ቀድተው ወዲያው መልሰው ይሰሩት።

የሻገተውን ምን ላድርገው እንደሚሉ እንገምታለን። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል። መቀቀልም ሆነ መጋገር አያጠፋውም። ላም ብትበላው በወተቷ ይወጣል። «ለጠላ ይሆናል» የሚለውንም አንቀበልም፤ ጥንስሱ መርዙን ስለማጥፋቱ ዋስትና የለም። ይቅበሩት።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ የምትሸጠዋን የነቀዝ ክኒን በየጆንያው አንዳንድ ብናደርግስ? እህሉ የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ነው።

መልስ፦ በፍጹም አይሆንም። ክኒኗ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነች። 3 ግራም የምትመዝነው ከአየሩ እርጥበት ጋር ስትገናኝ 1 ግራም ያህል ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ትለቃለች። ጋዙ በጆንያው አልፎ ወደሚተኙት ይደርሳል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው ከተመረዘ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ጋዙ ቶሎ ስለሚያመልጥም የተረፈው ነቀዝ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። ይህ ሥራ በሚታሸግ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው ብቻ የሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ በኪራይ ክፍል ነው። ግማሽ ኩንታል በቆሎ ገዝቼ ለልጆች ገንፎ በጥቂት በጥቂቱ አስፈጫለሁ። ትልቅ ከረጢት አይመቸኝም።

መልስ፦ የምግብ ዘይት የነበረበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። በሳሙና አጥበው ጠብታ እስኪጠፋ ያድርቁት። አንዱ 15 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚይዝ አራት ያስፈልግዎታል። እስከ አፉ ይሙሉት፤ የቀረ ክፍት ቦታ ለነቀዙ የተተወ አየር ነው። ክዳኑ ከላላ ላስቲክ ጣል አድርገው ያጥብቁት። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለእህል አይሆንም።

ጥያቄ፦ የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን አልፏል። እናንተ ስለ ከረጢት ማሰሪያ ታወራላችሁ። ዋናው ጉዳይ ብዙ ማምረት አይደለም? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ማምረቱ ግድ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የ2024 እ.ኤ.አ. ትንበያ የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ መቀነስ እንደሚጀምር ይገምታል። ነገር ግን የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ከተሰበሰበ በኋላ ችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ የሚጠፋው ምግብ በዋጋ ሲሰላ 14 በመቶ ያህል ነው። ለዚያ እህል መሬቱ ታርሷል፣ ዝናቡ ዘንቧል፣ ማዳበሪያው ተገዝቷል። እሱን ለማትረፍ አዲስ ጫካ መመንጠር አያስፈልግም። ደግሞም ነቀዝ የሚፈራ ገበሬ በቆሎውን የሚሸጠው ዋጋው በወደቀበት በአጨዳ ሰሞን ነው፤ ክረምት ሲገባ በውድ መልሶ ይሸምታል።

ጥያቄ፦ ለጤፍስ ይህን ከረጢት ልግዛ?

መልስ፦ ጤፍ አይነቅዝም። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ እንቁላል ጥሎ አይፈለፍልበትም፤ ከደረቀ ጎታ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ጥቂት በቆሎ ወይም ማሽላ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡ ገበሬዎችም ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጤፉ በትልልቁ ፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል፣ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ከረጢቱን ለበቆሎው፣ ለማሽላውና ለሽምብራው ይግዙ።