ክፍል፣ ካፌ፣ ዶርም ብቻ ለሆነባት እህታችን

ሰላም እህቴ። ከደሴ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድበሽ ፍሬሽ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ ብለሻል። ቀኑ ሁሉ ክፍል፣ ካፌ፣ ዶርም ሆኖብሻል። ክበብ ልግባ ወይስ ግሬዴን ላስቀድም፣ ዓይን አፋርስ ሰው ምን ይሻለዋል ነው ጥያቄሽ። እኔም ከዚያው ከጅማ ነው የተመረቅሁት፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ስለ ግሬዱ መፍራትሽ ልክ ነው። "ዘና በይ፣ ላይፍ ነው" የሚሉሽን ሲኒየሮች አትስሚ። እነሱ ዲፓርትመንታቸውን ይዘዋል። አንቺ ገና ነሽ፤ የፈለግሽው ዲፓርትመንት የመግባት ዕድልሽ በፍሬሽ ውጤትሽ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ስለዚህ ዘንድሮ ኃላፊነት አትውሰጂ። ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ምናምን ሊያደርጉሽ ቢሞክሩ "ለከርሞ" በያቸው። ሥራ ግን ውሰጂ። ሥራ ያልቃል፤ ቅዳሜ ጠዋት ወንበር ትደረድሪያለሽ፣ ስም ትመዘግቢያለሽ፣ ለምሳ ትመለሻለሽ። ኃላፊነት ግን የሚድ ፈተና ሳምንት ላይም ስልክሽን ሲያንጫርር ያድራል።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ የፍሬሽን ጊዜ የሚበላው ክበብ አይደለም። አልጋ ላይ ተጋድሞ ቲክቶክ ሲያገላብጡ ማምሸት ነው።

የቱን ክበብ ልምረጥ ላልሽው፣ በስሙ አትምረጪ። የክበብ ስም ሁሉ ያምራል። ብዙዎቹ ማኅተምና የቴሌግራም ግሩፕ እንጂ ሌላ ነገር የላቸውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ "ባለፈው ወር ምን ሠራችሁ?" ቶሎ ከመለሱልሽ ግቢ። "ዘንድሮ ብዙ ነገር አስበናል" ካሉሽ አመስግነሽ እለፊ። ደረሰኝ ሳይሰጡ መዋጮ የሚሰበስቡ ከሆነማ አመስግኚም አልልሽም።

ዓይን አፋርነትሽን በተመለከተ፣ እኔ ራሴ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መናገር የማልወድ ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። የጠቀመኝ ነገር እጅ የሚያሠራ ቦታ መግባቴ ነው። ቀይ መስቀል ገባሁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ስለሆነ ሥራው የለየለት ነው፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና አለ፣ የደም ልገሳ ቅስቀሳ አለ። የደም ባንክ ሰዎች ግቢ ሲመጡ እኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ለመጣው ሁሉ ያንኑ ነገር ነው የምትጠይቂው፦ 18 ዓመት ሞልቶሃል? ከ45 ኪሎ በላይ ነህ? ከሰጠህ ሦስት ወር አልፎሃል? ምን ላውራ ብለሽ አትጨነቂም፤ ወሬው ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። መርፌ ፈርቶ ከሰልፍ የሚወጣውን ጎረምሳ እየሳቅሽ ታረጋጊያለሽ። በሳምንቱ ካፌ ሰልፍ ላይ ስምሽን እየጠራ ሰላም ይልሻል። ከሴክሽኔ ውጪ ያሉትን ጓደኞቼን አብዛኞቹን ያገኘሁት እንዲህ ነው።

መጻፍ ከወደድሽ ደግሞ ሚኒ ሚዲያ እይ። ማይክ መያዝ ግዴታ አይደለም። ለሚያነቡት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሁልጊዜ ይጠፋቸዋል። ይኼ የግቢ ግጥምና ጽሑፍ ነገር በአገራችን ሥሩ ሩቅ ነው፤ በ1950ዎቹ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ቀን በሚባለው በዓል ተማሪዎች ንጉሡ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። የሚያስቆጣም ግጥም ይነበብ ነበር። አንቺ እንኳን የማስታወቂያ ሰሌዳ ጽሑፍ ብትጽፊ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው በግልጽ የማይናገረውን ልንገርሽ። በየግቢው ትልቁ ስብስብ ክበብ አይደለም፣ የሃይማኖት ነው። ግቢ ጉባኤ፣ ፌሎውሺፕ፣ ጀመዓ። የየትኛውም እምነት ልጅ ብትሆኚ ፍሬሽ ላይ መጀመሪያ የሚያቅፍሽ ይኼ ነው። ስትታመሚ ክሊኒክ የሚወስድሽ፣ ቱቶሪያል የሚሰጥሽ፣ ብር ሲያልቅብሽ የሚያበድርሽ ሲኒየር እዚያ አለ። ግቢበት፣ አይቆጭሽም። ግን እሱን ብቻ አታድርጊ። እምነትሽም፣ አገርሽም፣ ዲፓርትመንትሽም አንድ ከሆነ ሰው ጋር ብቻ ዓመቱን ከጨረስሽ፣ ደሴ ቁጭ ብለሽ በኦንላይን ብትማሪ ምን ልዩነት አለው? ጅማ ሄደሽ አፋን ኦሮሞ ሳትለምጂ መመለስ በበኩሌ ኪሳራ ነው የምለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር የሚያገናኝበት "የቃል ኪዳን ቤተሰብ" የሚባል አሠራር አለው። እንዲህ ያለ ነገር በተገኘበት ሁሉ መጀመሪያ ከሚመዘገቡት ሁኚ። የበዓል ሰሞን ዶርም ባዶ ሲሆንና ቤት ሲናፍቅሽ ትረጂዋለሽ።

ጅማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለሽ። ዲፓርትመንት ከገባሽ በኋላ ሲቢቲፒ የሚባለው ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ይመጣል፤ በቡድን ሆናችሁ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብታችሁ ቤት ለቤት መረጃ ትሰበስባላችሁ፣ ችግሩን ለይታችሁ መፍትሔ ታቅዳላችሁ። ግሬድ ስላለው ብዙዎች እንደ አንድ ተራ ኮርስ ይገላገሉታል። አንቺ ግን የሰው ቤት ገብቶ መጠየቅን፣ ቡና ሲያቀርቡልሽ ተረጋግቶ መቀመጥን እዚያ ትለምጂዋለሽ። የጅማን ዝናብ እንደሆነ አይተሽዋል፤ ጃንጥላና የማይንሸራተት ጫማ ያዢ።

የተማሪዎች ኅብረትን ለፍሬሽ አልመክርም። ምርጫው፣ ስብሰባው፣ ኩርፊያው ማለቂያ የለውም። ወደፊት ከፈለግሽ የምግብ ጉዳይ ላይ ከሚሠሩት ጋር ግቢ፤ ውጤቱ ሳህን ላይ ይታያል።

ሴት ስለሆንሽ ደግሞ አንዳንዱ ስብሰባ ከእራት በኋላ እንደሚጠራ ዕወቂ። ብቻሽን አትመለሺ። ከዶርምሽ አንዷን ጎትተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ለእሷም ይጠቅማታል። አምሽቶ የሚጨርስ ክበብ ከሆነ "ሰዓቱ ይቀየርልን" በሉ። እኛ ስንጠይቅ ተቀይሮልናል፤ ለካ ሌሎቹም ሴቶች የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሰርተፍኬቱን ብዙ አታስቢው። ሥራ ስፈልግ የጠየቁኝ "ምን ትሠሪ ነበር?" ብለው ነው እንጂ ወረቀቱን ያገላበጠ አላየሁም።

ገብቼ ባልወደውስ ብለሻል። ውጪ፣ ማንም አይከስሽም። የክበቡ ቁልፍ ወይም መዝገብ እጅሽ ላይ ካለ ግን አስረክበሽ ውጪ፤ እኛ አንድ ልጅ የቢሮ ቁልፍ ይዞብን ተመርቆ በመስኮት ስንገባ ነው የከረምነው።