ስለ ጋላፓጎስ ደሴቶች ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ናቸው፤ የቻልኩትን ልመልስ። ጋላፓጎስ የኢኳዶር ግዛት ነው። ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ይገኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ከራቀ እንስሳቱ እንዴት ደረሱ?

መልስ፦ ደሴቶቹን የሠራቸው ከባህር ወለል የተነሳ እሳተ ገሞራ ነው። ከአህጉር ጋር ተያይዘው አያውቁም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እንስሳት ወይ በርረው፣ ወይ ዋኝተው፣ ወይ ጎርፍ ወደ ባህር ባወጣው ግንድ ላይ ተንሳፍፈው ነው የመጡት። ኤሊ ያለ ምግብና ውሃ ወራት ይቆያል፤ ደግሞም ይንሳፈፋል። የእንቁራሪት ቆዳ ግን የጨው ውሃ አይችልም፤ የአገሩ ተወላጅ እንቁራሪት የሌለውም ለዚህ ነው። እንደ ቀበሮ ያለ የየብስ አዳኝም አልደረሰም። ወፎቹ ሰው ሲጠጋቸው የማይሸሹት ከዚህ የተነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ባህር ውስጥ የሚገባ እንሽላሊት አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የባህር ኢጓና ይባላል። በዓለም ላይ ካሉት እንሽላሊቶች ምግቡን ከባህር የሚለቅመው እሱ ብቻ ነው። ጥፍሩን አለት ላይ ተክሎ በአጭር አፉ አልጌ የሚባለውን ሣር መሰል የባህር ነገር ይግጣል። ውሃው ስለሚቀዘቅዘው ሲወጣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። አብሮ የዋጠውን ጨው በአፍንጫው ያስነጥሰዋል። ጭንቅላቱ ላይ የምታዩት ነጭ ነገር ያ ጨው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ኤል ኒኞ የሚባለው የአየር ንብረት ክስተት ሲመጣ ባህሩ ይሞቃል፣ የሚበላው አልጌም ይመናመናል። ያኔ ኢጓናው መክሳት ብቻ ሳይሆን ቁመቱም ያጥራል። እስከ 20 በመቶ ያጠሩ ተለክተዋል። ምግቡ ሲመለስ መልሶ ያድጋል!

ጥያቄ፦ የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊን እዚያ ብዙ ዓመት ኖሯል?

መልስ፦ ኧረ የለም። በ1835 ለ5 ሳምንት ብቻ ነው የቆየው። ፊንች በሚባሉት ትንንሽ ወፎች ላይ ዓመታት የፈጀውን ሥራ የሠሩት ተመራማሪዎቹ ፒተር እና ሮዝሜሪ ግራንት ናቸው። ከ1973 ጀምሮ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ደሴት ወፎቹን አንድ በአንድ እየለኩ ተከታተሉ። በ1977 ድርቅ ገባ። ትንንሹ ዘር አለቀና ጠንካራው ቀረ። እሱን መስበር የሚችሉት ባለ ትልቅ ምንቃሮቹ ይበልጥ ተረፉ፤ ልጆቻቸውም ትልቅ ምንቃር ይዘው ተወለዱ።

ጥያቄ፦ ኤሊዎቹ አልቀዋል ወይስ አሉ?

መልስ፦ እንደ ደሴቱ ይለያያል። የፒንታ ደሴት የመጨረሻው ኤሊ፣ «ብቸኛው ጆርጅ» የሚባለው፣ በ2012 ሞተ፤ ዘሩም አብሮ ጠፋ። የኤስፓኞላ ደሴት ኤሊዎች ደግሞ 14 ብቻ ቀርተው ነበር። ከአሜሪካው ሳን ዲዬጎ የአራዊት ማቆያ አንድ ወንድ ተጨመረላቸውና እየተዋለዱ ከ1000 በላይ ልጆች ወደ ደሴቱ ተመለሱ። በ2019 ደግሞ ፈርናንዲና ደሴት ላይ፣ ጠፍቷል ከተባለ ዘር አንዲት ሴት ኤሊ ተገኘች።

ጥያቄ፦ ከመቶ ሺህ በላይ ፍየል ገደሉ መባሉን ሰማሁ። ይሄ ግፍ አይደለም ወይ ወንድሜ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ፍየል ሀብት ነው። እዚያ ግን ሰው አምጥቶ የለቀቀው ፍየል በዛና የኢሳቤላ ደሴትን ሰሜናዊ ክፍል ጫካ ጨረሰው። ዛፎቹ ጉም ይዘው የሚያንጠባጥቡት ውሃ ቀረ፣ ኤሊዎቹም ጥላና ምግብ አጡ። ፍየሎቹን የማጥፋቱ ሥራ እስከ 2006 ቀጠለ። መጨረሻ ላይ የተደበቁትን ማግኘት አስቸገረ። ፍየል ብቻውን መሆን ስለማይወድ፣ ያለችበትን የሚጠቁም ሬዲዮ አንገቷ ላይ ያሰሩባትን ፍየል ይለቃሉ፤ እሷም መንጋዋን ፈልጋ ስትቀላቀል ያሉበት ይታወቃል። ያሳዝናል። ቢሆንም ትክክል ነው እላለሁ፤ ፍየል ሌላ ቦታ ሞልቷል፣ ያ ኤሊ ግን ከዚያ ሌላ ቤት የለውም።

የእኛው ሰሜን ተራሮችና ጋላፓጎስ በ1978 በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ አብረው ነው የገቡት። ሁለቱም በኋላ አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዝግበው ወጥተዋል። ሰሜን ተራሮች ላይም አንዱ ችግር የከብት ግጦሽ ነበር።

ጥያቄ፦ መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ውድ ነው። ለአብዛኛው የውጭ ጎብኚ የመግቢያው ክፍያ ከነሐሴ 2024 ወዲህ 200 ዶላር ነው። ከኢኳዶር ከተሞች ከኪቶ ወይም ከጓያኪል በአውሮፕላን ትሄዳላችሁ። ፍራፍሬና ዘር እንዳትይዙ ሻንጣችሁ ይፈተሻል። ከእንስሳቱም 2 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ እነሱ ራሳቸው ቢጠጓችሁ እንኳ እናንተ ዞር በሉ።